ስንሻው፦ ባለ አረንጓዴ ቁምጣው መንገደኛ

መስከረም 2015፣ የመስቀል ሰሞን

ታርጋው ደረሰ። ውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለመስቀል ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። ወታደር አንገቱ ላይ እንደሚያንጠለጥላት ያለች ብረት ናት፤ ባር ኮድ ያዘለ ነፍሳት ተስሎባታል፣ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት መለያም ተመትቶባታል። ሁለት ናቸው፣ መለያቸው ግን አንድ ነው። አንዷ ከመንገደኛው ጋር ትዞራለች፣ ሌላዋ እኔ ዘንድ ትቀራለች።

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ አለ። አንዱ ሣጥን ይደብቅና የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር በጨዋታው ድረ ገጽ ላይ ያወጣል፤ ሌላው በቁጥሩ እየተመራ ሄዶ ያገኘዋል፣ ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ይፈርማል፣ ሣጥኑን እንደነበረ መልሶ ይሄዳል። ጨዋታው የተወለደው የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ማዛባቱን ባቆመ ማግስት ነው። ያቆመው ሜይ 2 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ነበር፤ እስከ መቶ ሜትር ይስት የነበረ መሣሪያ በአንድ ሌሊት ወደ ሃያ ሜትርና ከዚያም በታች ወረደ። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ ጥቁር ባልዲ ደብቆ ቁጥሩን ለሰው አሳወቀ። ባልዲው በከፊል የተቀበረ ነበር፤ ዛሬ በደንቡ መቅበር ክልክል ነው።

ታርጋ ያለበት ዕቃ ደግሞ ከሣጥን ሣጥን የሚዞር ነው። ያገኘው ሰው አይወርሰውም። ወደሚሄድበት ይዞት ይሄድና ሌላ ሣጥን ውስጥ ያኖረዋል፤ መለያውን ድረ ገጹ ላይ ሲያስገባ ባለቤቱ ዕቃው የት እንደደረሰ ያያል። ባትሪ የለው፣ ሲም ካርድ የለው። በሰው እጅና በሰው እምነት ነው የሚሄደው። የመሬት ልኬት ባለሙያ ስለሆንኩ ጂፒኤስ ከእጄ አይለይም፤ እኔን የሳበኝ ግን ይኸኛው ነገሩ ነው።

መስከረም መጨረሻ

ታርጋው ምን ላይ ይንጠልጠል? መጀመሪያ ያሰብኩት የደንገል ታንኳ ነበር። ባሕር ዳር ተቀምጦ ሌላ ነገር ማሰብም ያስቸግራል። ትንሽዬ ታንኳ የሚሠራ ልጅ ሐይቁ ዳር አለ፣ እጁም ወርቅ ነው። ግን ደንገል ሲደርቅ ይፈረፈራል። በዚያ ላይ አንዳንድ አገሮች፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በተለይ፣ ደረቅ ሣርና እንጨት ሲያዩ በድንበራቸው ላይ አይቀልዱም። መንገደኛዬ ገና በመጀመሪያው ኬላ እንዲቃጠልብኝ አልፈልግም።

ስለዚህ ሰው ይሁን። ሰው ከሆነ ደግሞ ጎጃሜ ገበሬ፦ አረንጓዴ ቁምጣ፣ ጋቢ፣ ዱላ፣ ኮንጎ ጫማ። ዓለም ዞሮ ሲመለስ ማን እንደሆነ የማያሳውቅ ልብስ ለምን ይለብሳል?

ጥቅምት

ገላው ከጫማ ሰፊ የለመንኩት ቡናማ የቆዳ ቁራጭ ነው። ቁመቱ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ከበለጠ ትናንሽ ሣጥኖች ውስጥ አይገባም፣ ካነሰም ይጠፋል። ሆዱን በጥጥ ልሞላው ነበር፤ ጥጥ እርጥበት ይዞ ይሻግታል ብዬ የአሮጌ ትራስ ስፖንጅ ቆራርጬ ሞላሁት።

ቁምጣውን ገበያ ያለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወሰድኩት። የተረፈ አረንጓዴ ጨርቅ ካለህ በዚህ ልክ ስፋልኝ አልኩት። አሻንጉሊቱን አገላብጦ አየውና፣ «ኪስስ?» አለኝ። ለዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ሰው ምን ኪስ ያስፈልገዋል ብለው፣ «ኪስ የሌለው ቁምጣ ከዚህ መኪና አይወጣም» ብሎ እንቢ አለ። ሁለት ኪስ ከነክዳኑ ሰፋለት። አንደኛው የምስር ፍሬ ያህል ይይዛል። የሂሳቡን ነገር ሳነሳበት ተቆጣ።

ኮንጎው ከተበጠሰ የልጅ ጫማ ማሰሪያ ተቆርጦ በእሳት ባጋልኩት መርፌ ተበሳ። ዱላው ላይ ተከራከርን። ወንድሜ የግድ ወይራ ይሁን አለ። የእንጨቱን ነገር ነገርኩት፣ አልተዋጠለትም፤ በመጨረሻ የመዳብ ሽቦ በቡና ዓይነት ክር ጠቅልዬ፣ ጫፉን ቆልመም አድርጌ ትከሻው ላይ ሰፋሁት። ከሩቅ ሲያዩት ወይራ ነው። ከቅርብ የሚያየው ደግሞ ወይራን የማያውቅ ፈረንጅ ነው።

ጋቢውን እናቴ ናት የሠራችው። ከራሷ አሮጌ ጋቢ ዳር ቆርጣ፣ ጠርዙን ቀምቅማ፣ ዘርፉን በምራቋ እያራሰች በጭኗ ላይ ገመደችው። ፊት ልሠራለት ስል ግን እጄን ያዘችኝ። «ዓይን አታውጣለት። ዓይን ያለው አሻንጉሊት ሰው ደጅ ተጥሎ ቢገኝ ጥሩ አይደለም።» ጋቢውን እስከ አፍንጫው አከናነብነው፤ ከላይ ጥቁር ክር ለጠጉር። ውርጭ ላይ የቆመ የጮቄ ሰው መሰለ።

ስሙን ስንሻው ያለችው እሷ ናት። ሌላ ስም አልቀረበም።

ጥቅምት፣ ትንሽ ቆይቶ

የውኃ ፈተና። ሳፋ ውስጥ ነክሬ አወጣሁትና ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ገላው ቶሎ ደረቀ፤ ጋቢው በማግስቱም አልደረቀም። ስለዚህ የሚዘጋ የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ይሄዳል። የታርጋውን ሰንሰለት እንደ ዝናር ወገቡ ላይ አዞርኩለት፣ ጋቢው ይሸፍነዋል። ይህ ለጌጥ አይደለም። ምስጢሩ ያለው መለያው ላይ ነው፤ ቁጥሩን ፎቶ ላይ ያየ ሁሉ ዕቃውን ሳይነካው አየሁት ብሎ መመዝገብ ይችላል። ፎቶ ሳነሳው ሁልጊዜ ጋቢው ተከናንቦ ነው።

ከረጢቱ ውስጥ በላስቲክ የታሸገች ወረቀት ገብታለች፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፦ «ስንሻው እባላለሁ። ከጎጃም ነኝ። አታስቀረኝ፣ አሳልፈኝ።» ተልዕኮውም አለ። ስንሻው ዓባይን ተከትሎ እንዲወርድ ነው የምፈልገው፦ ከጢስ ዓባይ ካርቱም፣ ከካርቱም ካይሮ፣ ከካይሮ እስክንድርያ። በአየር ቢሆን 2,300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ውኃው ግን ደቡብ ወርዶ፣ ጎጃምን ዞሮ፣ ካርቱም እስኪደርስ ራሱ 1,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል።

ኅዳር

የሚነሣበት ሣጥን ያስፈልጋል፤ እሱንም እኔው ልደብቅ ነው። ቦታው ጢስ ዓባይ፣ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ግድም። ፏፏቴው ዳር አይሆንም፣ ሰው ይወድቃል። የኃይል ማመንጫው አካባቢ ጨርሶ አይታሰብም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የአላታ ድልድይ ላይም አላስቀምጥም፤ ሣጥን ፍለጋ የመጣ ሰው አንድ ድንጋይ ቢነቀንቅ በማን ይፈረዳል? ከድልድዩ ወዲህ፣ በጎጃም በኩል፣ ከእግረኛው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ትልቅ ሾላ አለ። ሥሩ ተፈልቅቆ ዋሻ ሠርቷል። ጨዋታውን የሚያውቅ ሰው ገና ሲያየው ሣጥኑን እዚያ ይፈልገዋል።

ሥሩ ዘንድ ተንበርክኬ ስለካ መንገዱ ዳር ቡና የሚያፈሉ እናት ከኋላዬ ደረሱ።

«ልጀ፣ ምን እየቀበርህ ነው?»

«አልቀብርም እማማ፣ ቦታ እያየሁ ነው።» ስንሻውን አሳየኋቸው። ሣቁ፣ ጋቢውን ዳሰሱት፣ ፈትሉን አመሰገኑ። ከዚያ ዛፉን አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«አሻንጉሊት ከሾላ ሥር? መተት ነው ይሉሃል።»

«ጨዋታ ነው እኮ እማማ።»

«ጨዋታስ ጨዋታ ነው። ግና ነገ የአንዱ ላም ብትነጥፍ፣ የአንዱ ልጅ ቢያተኩሰው፣ ‹ያ ከዛፉ ሥር የተገኘው ነው› ይባላል። አንተ ባሕር ዳር ነህ። እኔ ነኝ እዚህ ያለሁት።»

መልስ አልነበረኝም፤ ቡናቸውን ጠጣሁ። የጨዋታው መመሪያዎች ስለዝናብ፣ ስለሌባ፣ ስለፖሊስ ብዙ ጽፈዋል። ስለመተት አንድ መስመር የላቸውም። መመሪያው ሣጥኑ ከማያውቅ ሰው ዓይን ይሰወር ይላል። ጎጃም ውስጥ ግን ተሰውሮ የተገኘ ነገር ሁሉ የሆነ ሰው ሥራ ነው፤ ማን ለማን እንዳደረገው ይጠየቅበታል። እዚህ ሣጥን የሚበረክተው የአካባቢው ሰው ሲያውቀው ነው። ለመጪው እንግዳ ይደበቅ፣ ለጎረቤት ግን ይነገር።

ኅዳር፣ በሳምንቱ

ሴትዮዋ ከሾላው አጠገብ ወዳለው ማሳ ባለቤት መሩኝ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው ገመድ ይፈትሉ ነበር። ታርጋውን፣ ሣጥኑን፣ ደብተሩን፣ ስንሻውን አንድ በአንድ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉና ስለ ቁምጣው ጠየቁኝ፣ ማን እንደሰፋው። ነገርኳቸው።

«ከሾላዋ ሥር አይሆንም። ሾላዋ የሁሉ ናት። ከካቤ ውስጥ አኑረው። ካቡ የኔ ነው፤ የጠየቀ ቢመጣ እኔ እመልሳለሁ።»

ደንቡም የባለመሬት ፈቃድ ይጠይቃል፤ እንዲህ ያለ ፈቃድ ግን ቅጽ ላይ አይሞላም።

ካብ ራሱ ጣጣ አለው። ፈላጊ ድንጋይ በድንጋይ ሊያፈርሰው ይችላል። ስለዚህ ፍንጩን ግልጥ አድርጌ ጻፍኩ፦ «ከማዕዘኑ ጀምሮ፣ በጉልበት ከፍታ፣ ከጠፍጣፋው ጥቁር ድንጋይ ጀርባ። ሌላ ድንጋይ አይነካ።» ጠፍጣፋውን ድንጋይ ሽማግሌው ራሳቸው መርጠው አስገቡት፤ ሲስቡት ይወጣል፣ ሲገፉት ይገጥማል።

ሣጥኑ ላስቲክ ያለው ባለ አራት መቆለፊያ የምግብ ዕቃ ነው። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አስቤ ነበር፣ ክረምቱን በዝገት ነው የሚጨርሰው። ክዳኑ ላይ በጉልህ፦ «ይህ የጨዋታ ዕቃ ነው። ክፈቱት፣ እዩት፣ መልሱት።» ውስጡ ደብተር፣ እርሳስና ለልውውጥ የሚሆኑ ቁርጥራጭ ነገሮች። የሚበላ ነገር አይገባም፤ ጉንዳኑ ይቅደም አይጡ አይታወቅም።

ልኬቱ። የሥራ መሣሪያዬ የተስተካከለው አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የልኬት መነሻ) ነው፤ የአገራችን የቶፖግራፊ ካርታ በእሱ ስለተሠራ። ጨዋታው የሚጠቀመው የጂፒኤስን የራሱን መነሻ፣ ደብሊው ጂ ኤስ 84ን ነው። በሁለቱ መካከል በእኛ አካባቢ ከመቶ ሜትር በላይ ልዩነት አለ። ልኬት የምትሠሩና ይህን ጨዋታ መሞከር የምትፈልጉ ካላችሁ ከሁሉ በፊት እሱን ቀይሩ፤ ካልሆነ እንግዳችሁ የሌላ ሰው ጤፍ ውስጥ ሲርመሰመስ ይውላል። ቦታን በሜትር የሚያስቀምጠውን የዩቲኤም ቁጥርም ወደ ዲግሪና ደቂቃ ለወጥኩ። ከሾላው ጥላ ወጥቼ፣ መሣሪያውን ካቡ ላይ አስቀምጬ፣ ንባቡን ደጋግሜ ወስጄ አማካዩን ያዝኩ።

ያን ዕለት ስንሻውን ፏፏቴው ፊት ፎቶ አነሣሁት። ውኃው አሁንም ደህና ነው። አብዛኛው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር በጋ ሲጠና ፏፏቴው ይሳሳል፤ ፎቶ የሚያምረው ከክረምት መውጫ እስከ ኅዳር ነው።

ታኅሣሥ

ሣጥኑን አስመዘገብኩ። ድረ ገጹ ላይ ከመውጣቱ በፊት በጎ ፈቃደኛ መርማሪ ያየዋል። ሁለት ነገር ጠየቀኝ፦ የባለመሬቱን ፈቃድና ሣጥኑን ማን እንደሚንከባከበው። ከሌላ ሣጥን 161 ሜትር መራቅ አለበት የሚለው ሕግም አለ፤ ለአውሮፓ ሰው ራስ ምታት ነው፣ እኔ ዘንድ ግን አንዲት ጥያቄም አላስነሣ። የፍለጋውን ክብደት ከአምስት 1 ተኩል፣ የመንገዱን 2 ተኩል ሰጠሁት። ክረምት ሲገባና ጭቃው ሲመጣ የመንገዱ ከፍ ይላል።

ገና ሰሞን

ፈረንጅ ከመምጣቱ በፊት የመንደሩ ልጆች ደረሱበት። የቡናዋ እናት ስልክ ደውለው፣ «ልጆቹ ሣጥንህን ከፍተውታል፣ እንዳትቆጣ» አሉኝ። ሄጄ አየሁ። ስንሻው በቦታው አለ፣ ከረጢቱ እንኳ አልተከፈተም። ባለ ማጥፊያ እርሳሶቹና ተለጣፊ ወረቀቶቹ የሉም። በምትካቸው አንድ አረንጓዴ ብይ፣ በድንጋይ ተቀጥቅጠው የተዘረጉ ቆርኪዎች፣ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት። ደብተሩ ላይ በተጣመመ ፊደል ስማቸውን ጽፈዋል፤ አንዱ ክፍሉንም አክሏል።

የወሰድከውን በሚመጥን ተካ የሚለውን ሕግ ማንም አልነገራቸውም። ማግኔቱ እኔ ካስቀመጥኩት ሁሉ ይበልጣል።

ትልቁን ጠርቼ ታርጋውን አሳየሁት። የዚህ ዓይነት መለያ ማርስ ላይ አለ ብዬ ነገርኩት፤ ፐርሲቪራንስ የተባለችው የናሳ ተሽከርካሪ የካቲት 2013 ስታርፍ ከአንዱ መሣሪያዋ ማስተካከያ ሰሌዳ ላይ የጨዋታው መለያ ተጽፎባት ነበር። «ታዲያ ማን ሄዶ ያነሣዋል?» አለኝ። ፎቶው ነው የሚታየው አልኩት። አልረካም።

ጥር

ጥምቀትን ለማየት ከመጡት መካከል አንዱ ወሰደው። ደብተሩ ላይ ስሙን፣ ቀኑንና «ግሩም ካብ» የሚል ቃል ጽፏል። ድረ ገጹም ላይ ስንሻው ከሣጥኑ ወጥቶ በሰው እጅ እንደሆነ ይታያል። ሽማግሌው እንደነገሩኝ ሰውየው ፍንጩን አንብቦ ያቺን አንዷን ድንጋይ ብቻ ነው የነካው፤ ለእሳቸው ጨዋነቱ የተለካው በዚያ ነው።

የካቲት

ምንም የለም። ዕቃው በሰው እጅ ነው ይላል፣ ሌላ ምንም።

መጋቢት

ፕራግ! ሰውየው ቼክ ኖሯል። አንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ከሌሎች ባለ ታርጋ መንገደኞች ጋር አኖረው፤ እንደ ሆቴል የሚያገለግል ሣጥን ነው። ድረ ገጹ ከካቡ እስከዚያ ቀጥታ መስመር አስምሮ ወደ 4,800 ኪሎ ሜትር ጽፎለታል። ካርቱምን በአየር አልፎ ሄደ ማለት ነው። ተልዕኮው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፣ ግን ሰው ወደሚሄድበት ነው የሚወስደው። ባለቤት መለመን እንጂ ማዘዝ አይችልም።

በፎቶው ላይ በረዶ አለ። ስንሻው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ በረዶው ላይ ቆሟል። እናቴ ፎቶውን ስታይ በመጀመሪያ የጠየቀችው፣ «እግሩ ባዶ ነው?» ብላ ነው። ኮንጎውን አሳየኋት። ለዚያ ብርድ ኮንጎ ምን ሊሆነው ነው አለች።

ሚያዝያ

ከፋሲካ በፊት ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሣ። የስንሻውን ገጽ ከፍቼ ተልዕኮውን ቀየርኩ፤ ካርቱም ወጣች። አሻንጉሊት ይዞ ወደዚያ የሚሄድ እንደማይኖር አውቃለሁ፤ ቢሆንም በእኔ ጽሑፍ ተገፋፍቶ አንድ ሰው እንኳ እንዲያስበው አልፈልግም። «ዓባይን ከሚያገኝበት ከየትኛውም የግብጽ ከተማ ይጀምር» ብዬ ጻፍኩ።

ሚያዝያ መጨረሻ

አንዲት የፕራግ ሴት የተለወጠውን ጽሑፍ አንብባ ከሆቴሉ አወጣችው። ለዕረፍት ግብጽ፣ ሁርጋዳ ትሄዳለች። ሁርጋዳ ቀይ ባሕር ዳር ናት እንጂ ዓባይ የለባትም፤ ግን ከዚያ ወደ ሉክሶር በየቀኑ ጎብኚ የጫነ አውቶቡስ ይወጣል። ይህን እኔ አልነገርኳትም። እሷ ናት የጻፈችልኝ፦ ሉክሶር የሚሄድ ሰው በቀላሉ የሚያገኘው ሣጥን መርጣ እንደምታኖረው።

ግንቦት

ስንሻው ሁርጋዳ ሣጥን ውስጥ ነው። አንድ ሰው አየሁት ብሎ መዝግቧል፣ አልወሰደውም። ባኖረው ፎቶ ላይ ሲታይ የቁምጣው ኪስ ውስጥ የሆነ ሰው ትንሽዬ የባሕር ዛጎል ከቶለታል። ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄጄ ፎቶውን አሳየሁት። ትከሻውን ነቀነቀና ወደ መኪናው ተመለሰ።

ጢስ ዓባይ ወርጄ ለሽማግሌው የደረሰበትን ነገርኳቸው።

«ግብጽ ምን ይሠራል?»

«ውኃውን ተከትሎ ወረደ፣ አባባ።»

«እህ፣ ሲመለስ ይዞት ይምጣ እንግዲህ።»

ሣጥኑን ከፍቼ ፈተሽኩ። የክዳኑ ላስቲክ በአንድ በኩል ተሰንጥቋል፤ የመጀመሪያው የግንቦት ዝናብ የደብተሩን ጠርዝ አርሶታል። ለጊዜው በሁለተኛ ከረጢት ደረብኩት። ክረምቱ ሳይበረታ አዲስ ክዳን ይገባል፣ ደብተሩም ይቀየራል፤ የልጆቹ ስም ብዙውን ገጽ ይዞታል። የድሮው ደብተር ሽማግሌው ዘንድ ይቀመጣል፣ እሳቸው ጠይቀውኛል። ታርጋ የሌለው፣ ለልጆቹ ብቻ የሚሆን ሌላ ትንሽ ሣጥን በካቡ ሌላኛው ጫፍ እንዳደርግም ነግረውኛል፤ ድንጋዩን እስካሁን አልመረጡም።